የአበርገሌ አፈርና የባሕር ዳር ረግረግ



ባሕር በሌለበት አገር፣ ያውም ዋግ ኽምራ ተራራ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳር የሚጽፍ ሰው «ምን አስቀባጠረው?» ሊባል ይችላል። ስለሆነም ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር።

በማስተማር ልምምድ ጊዜ በአበርገሌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለ5ኛ ክፍል ስለ ውሃ አካላት አስተምር ነበር። «የዓለም ሙቀት በመጨመሩ የባሕር ጠለል ከፍ እያለ ነው» ብዬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ ባሕሩ ከፍ ካለ እኛ ጋ ይደርሳል እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እኔም ሳቅሁ። «አይደርስም፣ ተቀመጪ» አልኳትና ወደ ማስታወሻው አለፍኩ። ልጅቱ ደወል እስኪደወል ድረስ ዳግመኛ እጇን አላወጣችም።

ከክፍል ስንወጣ ሲከታተሉኝ የነበሩት መምህር ስለ ጽሕፈቴም፣ ስለ ድምፄም ምንም አላሉኝም። «መልስህ ልክ ነው» አሉኝ። «ነገር ግን ልጅቷ የጠየቀችህ ከባሕሩ ጋር ምን እንደሚያገናኛት ነበር። አንተ ምንም አያገናኝሽም አልካት። እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ አልነበርኩም። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ያገናዘብኩትን ነው እንግዲህ ከዚህ በታች የማቀርበው።

ሀ/ ባሕሩ ለምን ከፍ ይላል?

የባሕር ጠለል ከጥንት ጀምሮ በአንድ ቦታ ጸንቶ የኖረ አይደለም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያቶቻችን ከሰቆጣ ገበያ ይገዙት የነበረው አሞሌ ጨው የሚመጣው ከአፋር፣ ከዳሎል አካባቢ ነበር። ያ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር። በኋላ ከባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ውሃው በፀሐይ ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬም በዚያ በረሃ ዳር ዳር ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የባሕር ኮራል ደርቆ ይታያል። ባሕር ይመጣል፣ ባሕር ይሄዳል ማለት ነው።

የአሁኑን ልዩ የሚያደርገው መንስዔው የሰው ሥራ መሆኑና ፍጥነቱ መጨመሩ ነው። ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ የምድርን ሙቀት አምቆ ይይዛል። ባሕሩ በሁለት መንገድ ከፍ ይላል። አንደኛው ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው። አፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ድስት ገና ሳይፈላ ጠርዙን አልፎ መፍሰስ እንደሚጀምረው ማለት ነው። ሁለተኛው በተራራና በግሪንላንድ፣ እንዲሁም በደቡብ ዋልታ የተከመረው በረዶ ቀልጦ ወደ ባሕር ስለሚገባ ነው።

መጠኑን በአኃዝ ለማስቀመጥ ያህል፦

1ኛ/ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ የዓለም ባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሏል።

2ኛ/ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1971 በዓመት 1.3 ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ ከ2006 እስከ 2018 ግን በዓመት ወደ 3.7 ሚሊሜትር አድጓል።

3ኛ/ የሚቃጠለው ነገር ካልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2100 ጭማሪው አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። የአበርገሌ ቆላ እንኳ ተከዜ ዳር ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የምድር በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ የሚለው ከ60 እስከ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለልጅቱ «አይደርስም» ማለቴ ስህተት አልነበረም። ስህተቴ እዚያው ላይ ማቆሜ ነው።

ለ/ የባሕር ዳር ረግረግ ምንድን ነው?

ባሕርና የብስ የሚገናኙት ሁልጊዜ በገደል ወይም በአሸዋ አይደለም። ወንዝ ደለል በሚያፈስበትና ማዕበል ኃይሉ በሚደክምበት ቦታ ጨዋማ ረግረግ ይፈጠራል። ባሕሩ ሞልቶ ሲወጣ በውሃ ይሸፈናል፣ ሲጎድል ጭቃው ይገለጣል። እዚያ የሚበቅለው ሳርና ቁጥቋጦ ጨው የለመደ ነው። አንዳንዱ ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ አዘል ነው፣ ሌላው ጨዉን በቅጠሉ ላይ ያስወጣል። በሞቃት አገሮች፣ ለምሳሌ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ማንግሮቭ የሚባል ሥሩን ጭቃ ውስጥ የተከለ ዛፍ ይህንኑ ቦታ ይይዛል።

ላይ ላዩን ሲታይ ለምንም የማይረባ ጭቃ ይመስላል። ነገር ግን ዓሣ ጫጩቱን የሚያሳድግበት፣ ከአገር አገር የሚሻገር ወፍ የሚያርፍበት፣ ማዕበል የመንደሩን ቤት ከመምታቱ በፊት ኃይሉን የሚያጣበት ቦታ ነው።

ሐ/ ረግረጉ ራሱን ከፍ ያደርጋል

እኔን በጣም ያስገረመኝ ይህ ነው። ባሕሩ ከፍ ሲል ረግረጉ ዝም ብሎ አይሰጥምም። እሱም አብሮ ከፍ ይላል።

እንዴት ቢሉ፣ ከቦረቦር ክትር ጋር እናነጻጽረው። ሁላችንም በአገራችን አይተነዋል። ቦረቦር ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ሲከተር ጎርፉ ይዘገያል፤ የዘገየ ውሃ የተሸከመውን አፈር ያወርዳል። በሚቀጥለው ክረምት በዚያ ደለል ላይ ሳር ይበቅላል። ሳሩ ደግሞ በተራው ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉም ይጨምራል። እንዲህ እያለ የቦረቦሩ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል።

በባሕር ዳርም ሥራው ይኸው ነው። ድንጋዩን የሚተካው የሳሩ ግንድ ነው። ባሕሩ ሞልቶ ደፍራሽ ውሃ ይዞ ሲገባ በሳሩ መካከል ፍጥነቱን ያጣል፣ ጭቃው ይዘቅጣል። የሞተው ሥር ደግሞ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ቶሎ ስለማይበሰብስ እየተደራረበ መሬቱን ያሳብጠዋል። የቤት ግድግዳ ስንመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር የምናቦካው እንዳይሰነጠቅ አይደል? ሥሩም ለረግረጉ ጭድ ነው።

ከዚህ ላይ ልብ በሉ። ረግረጉ ዝቅ ባለ ቁጥር ባሕሩ ደጋግሞ ይሸፍነዋል፤ በተሸፈነ ቁጥር ብዙ ጭቃ ያገኛል፤ ብዙ ጭቃ ሲያገኝ መልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ የባሕሩ መጨመር ራሱ ረግረጉን ይመግበዋል።

መ/ ታዲያ የሚሸነፈው መቼ ነው?

ሦስት ነገሮች ያሸንፉታል።

አንደኛው ፍጥነት ነው። ባሕሩ ከጭቃው ክምችት ቀድሞ ከሄደ ሳሩ ለረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ሥር ሲሞት ጭቃው ማሰሪያ ያጣል፤ ማዕበል ይዞት ይሄዳል፤ ረግረግ የነበረው ክፍት ውሃ ይሆናል። የተከዜን ግድብ ሐይቅ ዳር ያየ ሰው የፍጥነትን ነገር ይረዳል። ሐይቁ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ርቆ ይሸሻል። የሸሸበት ጭቃ ላይ የበቀለው ሳር ሥሩን በደንብ ሳይሰድ ውሃው ተመልሶ ይሸፍነዋል። የጎደለው ጭቃ ወይም ውሃ ሳይሆን ጊዜ ነው።

የምድር ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ የዓለም ብዙ ውሃ በረዶ ሆኖ ስለነበር ባሕሩ ከአሁኑ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይል ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ በፍጥነት ወጣ። የዓባይን ዴልታ ጨምሮ ዛሬ የምናውቃቸው ታላላቅ ዴልታዎች መገንባት የጀመሩት ይህ ፍጥነት ከተቀዛቀዘ በኋላ፣ የዛሬ 8 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የማንግሮቭን የጥንት አሻራ መርምሮ የባሕሩ ጭማሪ በዓመት ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ ማንግሮቭ ራሱን ከፍ እያደረገ መቀጠሉ በጣም አጠራጣሪ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2018 ከነበረው 3.7 ጋር ስናስተያየው ቀሪው ርቀት ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው የጭቃ እጥረት ነው። የሚመጣው ውሃ ጠርቶ ከመጣ ሳሩ ምንም ቢበዛ የሚያዘቅጠው ነገር የለውም። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ዴልታ በሚገኝበት በሉዊዚያና እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 2016 ባለው ጊዜ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ወደ ውሃነት ተለውጧል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ከዋነኞቹ መካከል ወንዙ ደለሉን በረግረጉ ላይ እንዳያሰራጭ በግንብ መታጠሩና ከላይ በግድቦች መያዙ ይገኙበታል።

ሦስተኛው የቦታ ማጣት ነው። ረግረግ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሸሻል። በአሜሪካ በቼሳፒክ የባሕር ሰርጥ ዙሪያ ጨው የደረሰባቸው ዛፎች ቆመው ደርቀው፣ በሥራቸው የረግረግ ሳር ሲገባ ይታያል። ከኋላው ግንብ፣ መንገድ ወይም ከተማ ካለ ግን መሸሻ የለውም። ፊት ባሕር፣ ኋላ ግንብ ይሆንበታል። በእንግሊዝ አገር ሜድመሪ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2013 የባሕሩን መከላከያ ሆን ብለው ከፍተው ውሃው እንዲገባ አደረጉ። አዲሱን መከላከያ ወደ ኋላ ራቅ አድርገው ሠርተው በመካከሉ ረግረግ እንዲያድግ ቦታ ለቀቁለት።

ሠ/ ከተከዜ እስከ ዴልታ

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። የአበርገሌ ልጅ ከባሕር ዳር ረግረግ ጋር ምን ያገናኛታል?

የሚያገናኛት ተከዜ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ የዋግን ጎርፍ ሁሉ እየሰበሰበ በአበርገሌ ጎን ያልፋል። ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል። ከአትባራ ይቀላቀላል፣ አትባራም ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ዓባይ ደግሞ በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ወንዙ ባሕሩ አፍ ላይ ለሺህ ዓመታት ያወረደው ደለል ነው የዓባይን ዴልታ የሠራው። የዚያ ደለል እጅግ የሚበዛው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በዓባይ፣ በተከዜና በአትባራ በኩል ነው። በዴልታው የባሕር ጠርዝ ላይ የሚገኙት ማንዛላ፣ ቡሩሉስና ኤድኩ የተባሉት ሐይቆችና ዙሪያቸው ያለው ረግረግ የተቀመጡት በዚህ አፈር ላይ ነው። ከእኛ ተራራ የሄደ አፈርም አለበት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ዛሬ ተቋርጧል። ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ከጀመረች፣ በ1970 ደግሞ ሥራውን ከፈጸመች ወዲህ፣ ቀድሞ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይወርድ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከግድቡ ኋላ ይቀራል። የእኛ አፈር ደግሞ እስከዚያም አይደርስ። መጀመሪያ የሚያገኘው በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለውን የተከዜን ግድብ ነው። ከዚያ የሚያልፈውን በሱዳን የሰቲት ግድብ፣ ኀሽም ኤል ጊርባና መረዌ ይጠብቁታል። ኀሽም ኤል ጊርባ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ ሲሆን ውሃ የመያዝ አቅሙን ግማሽ ያህል ደለል ወስዶበታል።

ግድብ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ግብፅ ከአስዋን ውሃና መብራት አግኝታለች፤ እኛም ከተከዜ መብራት፣ የአካባቢያችን ወጣቶችም ዓሣ አግኝተዋል። ነገር ግን ያገኘነውን ስንቆጥር የተከፈለውንም አብረን መቁጠር ይገባናል። የዴልታው መሬት በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይሰምጣል። ቀድሞ ይህን የሚተካ አዲስ ደለል ነበረው፤ አሁን የለውም። በላዩ ላይ ባሕሩ ከፍ ይላል። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት በሮዜታ በኩል የባሕሩ ዳርቻ በ20ኛው መቶ ዓመት ኪሎ ሜትሮችን ወደ ኋላ ተበልቷል። ከሐይቆቹም ሰፊው ክፍል ለእርሻና ለዓሣ ኩሬ ተወስዷል። ጨዋማ ውሃም ከሥር ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል። እንግዲህ ቅድም የጠቀስናቸው ሦስቱም፣ ፍጥነት፣ የጭቃ እጥረትና የቦታ ማጣት፣ በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ረ/ እኛን የሚመለከተው

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው አፈራችን ይሂድላቸው?» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቶኝ ነበር። እርከን መሥራታችን የባሕር ዳሩን ሰው ይጎዳ ይሆን? አይጎዳም። ዛሬ ከአበርገሌ ማሳ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ዴልታው አይደርስም። ግድቡ ወለል ላይ ይተኛል፣ የግድቡንም ዕድሜ ያሳጥራል። ገበሬው ያጣል፣ ግድቡ ይጎዳል፣ ረግረጉም አያገኝ። አንድ አፈር ሦስት ቦታ ኪሳራ ያመጣል።

ስለዚህ አባቶቻችን የሚደረድሩት የድንጋይ እርከን፣ ከከብት ተከልሎ ሳር የሚያበቅለው ተራራ፣ የቦረቦሩ ክትር፣ ሁሉም ረግረጉ ከሚሠራው የተለየ ሥራ አይሠሩም። ውሃን አዘግይ፣ አፈርን አሳርፍ፣ በሥር እሰር፤ ይኸው ነው። ልጆቻችን ይህን በደጃቸው ስለሚያውቁት የባሕር ዳሩን ለማስተማር መነሻ አጥተን አናውቅም ማለት ነው።

ሰ/ በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ከአካባቢ በሚገኝ መርጃ መሣሪያ የሚከተለውን መሥራት ይቻላል።

1ኛ/ ሁለት ሳፋ ማዘጋጀት። በሁለቱም አፈር በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ አድርጎ መጠቅጠቅ። ከፍ ያለው የብስ፣ ዝቅ ያለው ባሕር ነው።

2ኛ/ በአንደኛው ሳፋ መካከል ሳር ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅሎ መትከል። ሁለተኛውን ባዶ መተው።

3ኛ/ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ከባሕሩ በኩል በዝግታ መጨመር፤ ጥቂት አቆይቶ በዝግታ ማንቆርቆር። ይህን አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም።

4ኛ/ በሁለቱም ላይ የተረፈውን ጭቃ ውፍረት በስንደዶ መለካትና ማወዳደር።

5ኛ/ በሚቀጥለው ቀን ጥሩ ውሃ ብቻ እየተጠቀሙ መድገም። ተማሪዎቹ የጭቃ እጥረት ማለት ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ።

6ኛ/ በመጨረሻ ከሳሩ ኋላ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቁሞ «ውሃው ከፍ ቢል ሳሩ ወዴት ይሸሻል?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን መምህሩ አይናገር፤ ልጆቹ ያግኙት።

ሸ/ መደምደሚያ

ልምምዱ ከማለቁ በፊት በዚያው ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ አገኘሁ። ሳፋዎቹን ከሰፈር ተዋስኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት ግን ልጅቱን አስነሥቼ «ባለፈው የጠየቅሽኝ ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ የሳቅሁት እኔ ተሳስቼ ነው፤ እስቲ ድገሚልን» ማለት ነው። አፍራ ነበር፣ ግን ደገመችው። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

«ባሕሩ ወደ እኛ አይመጣም» አልኳት። «የእኛ አፈር ግን ወደ ባሕሩ ይሄድ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ይቀራል።» ከዚያ ሠርቶ ማሳያውን አብረን ሠራን። ስንጨርስ ሳሩ ያስቀረውን ጭቃ በስንደዶ ለክታ፣ «ጋሼ፣ መንገድ ላይ የሚቀር ከሆነ እዚሁ ማሳችን ላይ ብናስቀረው አይሻልም?» አለች። እኔ በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት መደምደሚያ ይህን ያህል አጭርና ግልጽ አልነበረም።

ጓደኞቼ፣ ወደ ሥራ ስንሠማራ ብዙዎቻችን የምንመደበው ልጆቹ ባሕር አይተው በማያውቁበት ቦታ ነው። እኛም ብዙዎቻችን አላየንም። ስለዚህ ተማሪ ሲጠይቀን የሚያስቅ ጥያቄ መስሎን እንዳናልፈው አደራ እላለሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. በምትመደቡበት አካባቢ ውሃን የሚያዘግይና አፈርን የሚያሳርፍ ምን ነገር አለ? ለትምህርት እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

2. አንድ ግድብ ሲሠራ የሚገኘውንና የሚቀረውን ጥቅም ለ5ኛ ክፍል ተማሪ በሚገባ ቋንቋ ዘርዝሩ።

3. የባሕር ጠለል በዓመት በ1.3 ሚሊሜትርና በ3.7 ሚሊሜትር ሲጨምር በ50 ዓመት ውስጥ ያለውን ልዩነት አስሉ። ረግረጉ በዓመት 3 ሚሊሜትር ጭቃ ቢያገኝ በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን ይደርስበታል?

የተሳሳትኩት ካለ ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በተለጠፈው ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።